«ደለል» እና «ዝቃጭ»፦ ስለ ሁለት ቃላት ምንጭና አገባብ

ወንዝ ተሸክሞት መጥቶ ውኃው ሲረጋ ከሥር የሚያስቀምጠውን ልም አፈር አማርኛ «ደለል» ይለዋል። ከባዕድ ቋንቋ በሚተረጎሙ ጽሑፎች ውስጥ ግን ይኸው ነገር አንድ ጊዜ «ደለል»፣ ሌላ ጊዜ «ዝቃጭ» እየተባለ፣ ሁለቱ ቃላት ያለ ልዩነት ሲለዋወጡ እናያለን። ይህ ልማድ ሊተች ይገባዋል እንላለን፤ ቃላቱ በምንጭም በአመለካከትም ይለያያሉና።

የ«ዝቃጭ» ትውልድ ግልጽ ነው። ከ«ጠረገ» «ጥራጊ»፣ ከ«ቆረጠ» «ቁራጭ» እንደ ወጣ ሁሉ፣ ከ«ዘቀጠ»ም «ዝቃጭ» ወጥቷል፤ የመጨረሻው «ጠ» ወደ «ጭ» መለወጡም የቋንቋው መደበኛ ጠባይ ነው። ይህ ቃል ነገሩን የሚያየው ከውኃው ወገን ሆኖ ነው፦ የጠራው ከላይ ይወሰዳል፣ ከሥር የቀረው ይደፋል። ከአተላና ከአምቡላ ጋር የሚጎራበተው፣ ምግባረ ብልሹነትንም «ዝቅጠት» የምንለው ስለዚህ ነው።

የ«ደለል» ምንጭ ግን እንዲህ አይቀናም። «ደለለ» አባበለ፣ አታለለ ማለት ስለሆነ፣ ጠንካራ መስሎ እግርን ስለሚከዳ «ደለል» ተባለ የሚል ማብራሪያ ሊቀርብ ይችላል። ማራኪ ነው፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በትርጉም ረገድ ይበልጥ የሚቀርበው የ«ደልዳላ»ና የ«አደላደለ» ቤተሰብ ይመስለናል፤ ደለል ጎድጓዳውን ሞልቶ መሬትን ያስተካክላልና። ይህንንም በግምትነቱ እንጂ በፍርድነት አናቀርበውም። ምንጩ ያም ሆነ ይህ፣ የቃሉ አገባብ ከመሬት ወገን፣ በተለይም ከተቀባዩ መሬት ወገን መሆኑ አያከራክርም።

ክርክሩ የቃላት ብቻ ያልሆነውም ከዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በየክረምቱ የታጠበው አፈር በዓባይና በተከዜ ወርዶ የግብጽን እርሻ ለብዙ ሺህ ዓመታት አዳብሯል፤ የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ጉዞው ከዚያ ተገታ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቅ አዋሽ በሚያመጣው ደለል ክፉኛ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ከዚሁ ችግር ነፃ አይደለም።

ለታችኛው ገበሬ ደለል ሲሳይ ነው፤ ለግድብ መሐንዲስ ሸክም ነው። ማሳው ለተሸረሸረበት ለላይኛው ገበሬ ግን «ደለል»ም «ዝቃጭ»ም ጉዳቱን አይናገሩለትም፤ ሁለቱም አፈሩ የደረሰበትን እንጂ የተነሣበትን አያመለክቱምና። እርሱ የሚያውቀው የታጠበ አፈር ነው።

ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን «ዝቃጭ»ን ለጋንና ለፍሳሽ፣ «ደለል»ን ለወንዝና ለሐይቅ ቢለዩ መልካም ነው። ስለ ችግሩ መንሥኤ ሲጻፍ ግን ነገሩ በመነሻው ስም «የታጠበ አፈር» ይባል። አለዚያ አንባቢው ግድብ ስለ መጥረግ ብቻ እያሰበ፣ ተራራው የሚራቆትበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ይቀራል።