ጧሪ ቀባሪ፦ ደበበ እሸቱ ከ«ሻፍት በአፍሪካ» እስከ «ቀይ ቅጠሎች»

የአንድን ተዋናይ የሙያ ሕይወት መመዘን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሥራው ከመጋረጃው መዘጋት ጋር አብሮ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ለደራሲ መጽሐፉ፣ ለሠዓሊ ሸራው ይቀርለታል፤ የመድረክ ሰው ግን ትናንት ማታ ያሳየውን ዛሬ ጧት ማንም መልሶ ሊያይለት አይችልም። ስለ አንጋፋ ተዋንያኖቻችን የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከሂስ ይልቅ ወደ ውዳሴ የሚያዘነብለውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ያየ ያደንቃል፣ ያላየ አምኖ ይቀበላል። ደበበ እሸቱ ከዚህ ዕጣ በከፊል ያመለጠ ተዋናይ ነው። በፊልም ተቀርጾ የቀረ ሥራ አለውና ማንም ሰው ዛሬም ከፊቱ አስቀምጦ ሊመረምረው ይችላል። ከእነዚህ ሥራዎች ሁለቱን፣ በመካከላቸው 41 ዓመት ያለፈባቸውን፣ ጎን ለጎን አድርገን ለማየት እንወዳለን። የመጀመሪያው በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) የወጣው የአሜሪካኖች «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2014) የቀረበው የእስራኤል ፊልም «ቀይ ቅጠሎች» ነው።

ደበበ የወጣበት ትውልድ ዘመናዊውን ቲያትር በትምህርት ጭምር የያዘ የመጀመሪያው ትውልድ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ተልኮ ቡዳፔስት ላይ ሙያውን ተማረ። ያ ወቅት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ የሰጠን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረበት ወቅት ነው። ወጋየሁን ሠፊው ሕዝብ ይበልጥ ያወቀው በድምፁ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ ጎጃሜም ሆነ ጎንደሬ በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። ደበበ ግን በይበልጥ የፊት ሰው ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

«ሻፍት በአፍሪካ» ከታወቁት የሻፍት ፊልሞች ሦስተኛው ሲሆን ከፊሉ የተቀረጸው በአገራችን ነው። አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን፣ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ራውንድትሪ ናቸው። ታሪኩ ከአፍሪካ ድሆችን እያታለሉ ወደ አውሮፓ ለጉልበት ሥራ የሚሸጡ ነጋዴዎችን አንድ የኒውዮርክ መርማሪ እንዴት እንደሚያጋልጥ ይናገራል። ርእሰ ጉዳዩ ቁም ነገር ያዘለ ነበር፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ለቡጢና ለተኩስ ማያያዣነት ነው። አሜሪካዊው አፍሪካዊ መስሎ ለመጓዝ የዱላ ምክቶሽ ሲለማመድ ስናይ የፎገራ እረኞች ሽመል ሲማዘዙ ያደግን ሰዎች ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። በፊልሙ ውስጥ «ኮሎኔል ጎንደር» የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ፤ የሚጫወተውም ካልካታ የተወለደው የእንግሊዝ ተዋናይ ማርን ሜይትላንድ ነው። የአገራችን ስም ለአንድ ኮሎኔል መጠሪያ ተሰጠ፣ የአገራችን ሰው ግን አልተሰጠውም። ደበበ «ዋሳ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከዚህ መካከል ቆመ። የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ ካሜራው ዓይኑን ከጀግናው አይነቅልምና ሌላው ሁሉ የሚታየው ለጀግናው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ደበበ በሚታይባቸው ጊዜያት አንድ ነገር ልብ ይባላል፦ አይቸኩልም። ሌሎቹ እንደ ጥይት በሚተኩሱት ቋንቋ እሱ እየመጠነ ይናገራል፤ ሰውነቱንም ያለ ምክንያት አያንቀሳቅስም። ይህ ያልተቸኮለ አቋም በኋላ ምን እንደ ሠራ እናያለን።

ከዚያ በኋላስ? የሠለጠነ የፊልም ፊት ያለው ሰው አገሩ ውስጥ ነበር፤ ፊልም ግን አልነበረም ለማለት ጥቂት ነው የቀረን። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. ግድም፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ግድም ታዩ። በ1970ዎቹ የፊልም ማዕከል፣ ከዚያም የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋሙ፤ ካቀረቧቸው ሥራዎች መካከል «አስቴር» ይታወሳል፣ ኮርፖሬሽኑ ግን ውሎ አድሮ ፈረሰ። ተዋናዩ በመድረክ ሠራ፤ ወደ ፖለቲካውም ገብቶ ከምርጫ 97 በኋላ ታሠረ፣ በ1999 ዓ.ም. ክረምትም ከሌሎች ጋር ተፈታ። ስለዚህኛው የሕይወቱ ክፍል በሌላ ቦታ ብዙ የተባለ ስለሆነ እዚህ አናቆየውም። ለሂሱ የሚጠቅመን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የአንድ ተዋናይ ፊት እየበሰለ፣ እየተሸበሸበ፣ ኑሮ እየጻፈበት ሲሄድ የእኛ ካሜራ ይህን እየተከተለ አልመዘገበም።

የፊልም ሙያተኛ ለምን ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» ለዚህ ክርክር ሁልጊዜ ይጠቀሳል። የቲያትር ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ገበሬዎች በሬ ሲጠምዱ፣ ሲገፉ፣ ዝም ሲሉ እንደ ኖሩት ሆነው ታዩበት፤ ፊልሙም በዓለም አደባባይ ተከበረ። ትክክል ነው። ገበሬው ራሱን ሲጫወት ማንም አይስተካከለውም። ጥያቄው የሚመጣው ገጸ ባሕርዩ ራሱን ማየት የማይፈልግ ሰው ሲሆን ነው። ልጆቹን የሚያስመርር፣ በሴት ላይ የሚጨክን፣ ጥፋቱን የማያምን አባት ሁን ብትሉት፣ ሙያተኛ ያልሆነ ሰው ከሁለት አንዱን ማድረጉ አይቀርም፦ ወይ ራሱን ይከላከላል፣ ወይ ተመልካቹን ይቅርታ ይለምናል። ሁለቱንም ሳያደርጉ መቆም ትምህርትና ዕድሜ ይጠይቃል።

«ቀይ ቅጠሎች» ይህንኑ የሚጠይቅ ፊልም ነው። አዘጋጁ ባዚ ጌቴ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የሄደ ነው፤ ከተዋንያኑ አብዛኞቹ ሙያተኞች አይደሉም። ታሪኩ መሰጋኒዮ ታደለ የተባለ የ74 ዓመት ሽማግሌን ይከተላል። ከኢትዮጵያ ከወጣ 28 ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ትሞታለች፤ ቤቱን ይሸጥና ከእንግዲህ ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ ብሎ ይነሣል። ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ እሱ የሚያውቀው የአባትነት ሥርዐት ልጆቹ ቤት ውስጥ ቦታ እንደሌለው ይገለጥለታል። አዘጋጁ መነሻ ያደረገው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ነው። ሊር በሕይወት ሳለ መንግሥቱን ለሴቶች ልጆቹ አከፋፍሎ፣ በየተራ በቤታቸው ሊጦር አስቦ፣ በመጨረሻ በዝናብና በነጎድጓድ መካከል ሜዳ ላይ የቀረ ንጉሥ ነው። መሰጋኒዮ መንግሥት የለውም፤ ያለችው አንዲት የከተማ ቤት ናት። ውድቀቱ ግን ከሊር አያንስም።

ግለ ሂስ ይገባናል። ይህን ፊልም መጀመሪያ ስንሰማ የባዕድ አገር ፊልም ነው፣ ለፎገራ ምን ያደርግለታል ብለን ሳናየው ቆይተናል። ያየነውም በአዳራሽ አልነበረም፤ ወረታ ውስጥ በአንድ መምህር ቤት፣ በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ላፕቶፕ፣ ሰባት ሰዎች ተጠጋግተን ነው። ከመካከላችን በጉማራ ዳር ጓያና ሩዝ ሲያርሱ የኖሩ አንድ ጎረቤት አዛውንት ነበሩ። ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛና በዕብራይስጥ ነው። ሽማግሌው ባመዛኙ አማርኛ ይናገራል፤ ልጆቹ ወደ ዕብራይስጡ ያደላሉ፣ የልጅ ልጆቹም የባሰ። አስተናጋጃችን መምህር ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ይተረጉምልን ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው ተወው አሉት። ከዚያ ወዲያ ያለ አስተርጓሚ ቀጠልን።

በዚህ ጊዜ የተከሰተው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነ። ቴል አቪቭ ወይም ኢየሩሳሌም አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ተመልካች ቋንቋው የልጆቹ ስለሆነ ቤቱን የሚያየው ከልጆቹ ወገን ሆኖ ነው፤ ሽማግሌው የመጣበት እንግዳ ነው። ወረታ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ልጆቹ በፍጥነት ሲነጋገሩ እኛም አልገባንም፤ ሣቃቸው ምን እንዳሳቃቸው አላወቅንም፤ አማርኛ ሲመጣ ትንፋሽ እናገኛለን። አዘጋጁ ያሰበውም ይሁን ያላሰበው፣ የፎገራ ተመልካች የተቀመጠው በአባቱ ጆሮ ውስጥ ነበር። ታዲያ ያለ ትርጉም ታሪኩን እንዴት ተከተልነው? በደበበ ፊት ነው። በዚያ ፊት ላይ የተነገረው ቃል ስድብ ይሁን ማባበል፣ ትእዛዝ ይሁን ጥያቄ ይነበብ ነበር። ወጋየሁ ሜዳ ላይ በሬዲዮ ለተቀመጠ ሰው አገር ምድሩን በድምፁ ብቻ እንዳሳየው ሁሉ፣ ደበበ ቋንቋው ለጠፋበት ተመልካች ነገሩን በፊቱ ብቻ አስረዳው።

ሽማግሌው የሚበላበትን፣ የሚቀመጥበትን፣ በር ላይ የሚቆምበትን አኳኋን ልብ ይሏል። መሰጋኒዮ ወደ ልጁ ቤት ሲገባ እንደ እንግዳ አይገባም፤ ቤቱ የእሱ እንደ ሆነ አድርጎ ይቀመጣል። ያ ከ41 ዓመት በፊት ያየነው አለመቸኮል አሁን ሌላ ሥራ አገኘ። በመጀመሪያ ክብር ይመስላል፤ እየቆየ ግትርነት ይሆናል፤ ወደ መጨረሻው መሄጃ ማጣት መሆኑን እንረዳለን። እንቅስቃሴው ያው ነው፣ በዙሪያው ያለው ዓለም ግን ተለውጧል። ደበበ ገጸ ባሕርዩን ለማሳዘን አይሞክርም። ሽማግሌው ሴቶቹን ሲያዋርድ፣ ምራቶቹን ሲንቅ፣ ልጆቹን እንደ ሕፃን ሲያዝዝ ፊቱን አያለሳልስልንም። እንድንጠላው ይፈቅዳል። በኋላ የምናዝንለት እንዲያዝኑለት ስላልጠየቀ ነው።

ጉዳዩ ለፎገራ ሰው ባዕድ የማይሆነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ለሽማግሌ ከሚመረቁት ምርቃቶች ትልቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚተኙበት ይህ ሜዳ የከብትና የጓያ ሜዳ ነበር፤ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባና ከተስፋፋ ወዲህ ትንሿ ማሳ እንኳ ዋጋዋ ሌላ ሆነ። መሬት በሕግ አይሸጥም፤ በስጦታና በውርስ ግን ይተላለፋል። ስለዚህ የኛ ሊር ቤቱን አይሸጥም፤ ልጁ ጎጆ ሲወጣ ማሳውን ይቆርስለታል፣ ለሁለተኛውም እንደዚሁ፣ በመጨረሻ የቀረችውን የሚሰጠው እጦርሃለሁ ላለው ነው። ከዚያ ወዲያ በሰው ምድጃ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቅ አባት በየቀበሌው አለ። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የሚለው ተረት ለልጅ የተነገረ ምክር ነው፤ ለአባትየው ምን ይበጀዋል የሚለውን ተረቱ አይነግረንም። ፊልሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጆቹም በደለኞች ብቻ አይደሉም፤ የልጁ ሚስት በገዛ ቤቷ የምትሰደበው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ወረታ ውስጥም ይጠየቃል፣ በዚያች ምሽትም ከመካከላችን የነበሩት ሁለት መምህራት ጠይቀውታል። አንዷ ሽማግሌው ደጅ ቢቀር ደጅ ይቅር እስከ ማለት ደርሳ ነበር።

ፊልሙ ጉድለት የለውም አንልም። ሼክስፒር ለሊር ልጆች የየራሳቸውን አንደበትና ተንኮል ሰጥቷቸዋል፤ እዚህ ግን ልጆቹ በአብዛኛው የአባታቸው ግድግዳ ሆነው ቆመዋል፣ እሱ ይጋጫቸዋል እንጂ እነሱ በራሳቸው አይንቀሳቀሱም። ምራቶቹማ የባሰ። ሌላው ቀርቶ ልጆቹ በልጅነታቸው ያንን ሰው እንዴት ይወዱት እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ቢኖር የመለያየቱ ሕመም በእጥፍ ይሰማን ነበር። ካሜራው ለሽማግሌው ከመጠን በላይ በመቅረቡ አልፎ አልፎ ቤቱን ማየት እስኪያቅተን ድረስ እንታፈናለን። አብዛኛውን ክብደት ደበበ ብቻውን ተሸክሞታል፤ ይህ ለተዋናዩ ምስክር፣ ለድርሰቱ ግን ወቀሳ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ሰውየው የማን አገር ሰው ነው ሲሉ ጠየቁ። ቡዳፔስት የተማረ የቲያትር ሰው መሆኑን፣ ስሙ ደበበ እሸቱ እንደሚባል፣ በወጣትነቱም ከአሜሪካኖች ጋር እንደ ሠራ አስረዳናቸው። አልተቀበሉንም። አቀማመጡን አይተነዋል፣ ጋቢውን ባይለብስም ትከሻው ላይ ያለ ነው የሚመስለው፤ ይህ ሰው ወይ የደራ ነው ወይ የሊቦ አሉ። መምህሩ የቀድሞውንም ፊልም ሊያሳያቸው ፈልጎ ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ሳይሆን ቀረ።