የተኳረፉ ወዳጆች መገናኘት በአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ከመነሻው የተለያዩትን በማገናኘት የሚደመደም ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ሊፈልግ ወጥቶ በባርነት እጅ ይወድቃል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም በወንድ ልብስ ተሰውራ ፍለጋ ትወጣለች። እነዚህን የለያያቸው ግን መከራ እንጂ ቂም አይደለም፤ ስለዚህ ለመገናኘታቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ይበቃል፥ አስታራቂ አያሻም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነገሩን አክብደውታል። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የትውልድ ክብር ነው። ጉዱ ካሣ የሁለቱን ልብ ቢያውቅም ሥርዓቱ ቃሉን እንደ እብድ ቃል ስለሚቈጥረው አማላጅ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌ ያላገናኛቸው በሞት አፋፍ ላይ ይገናኛሉ። አንባቢም የሚያምነው ዋጋው ስለ ተከፈለበት ነው።

በዛሬው የፍቅር ልብ ወለድ ደጋግሞ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሁለት ወዳጆች ይኳረፋሉ፤ ዓመታት ያልፋሉ፤ በሰርግ ቤት ወይም በለቅሶ ድንገት ይተያያሉ፤ እንባ ይፈስሳል፥ ታሪኩም ያልቃል። ማን እንደ በደለ ሳይነገር ይቅርታው ይፈጸማል።

ይህን አፈጻጸም በሐይቅና በአምባሰል ልማድ መመዘን ይጠቅማል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር በሚኖሩበት በዚህ አገር ጠብ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የነፍስ አባት ወይም ሼኽ፥ የአገር ሽማግሌም ይገባበታል። በወሎ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ አበጋሮች ይቀመጣሉ። በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ ቂም እንዳይመለስ ቃል ይታሰራል። አብሮ መብላት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በእርግጥ ልብ ወለድ የልማድ መዝገብ አይደለም፤ የከተማ ሰውም ከሽማግሌዎቹ ርቆ ይኖራል። ልማዱም ቢሆን ነውር የሌለበት አይደለም፤ የሽማግሌ ልመና ተበዳይን፥ ይልቁንም ሴትን፥ ሳትወድ ዝም ሊያሰኛት ይችላል። ለደራሲ ግን ይኸው ራሱ ሀብት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምእተ ዓመት ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አትገባም፤ መንኵሶ የገባን የቀድሞ ወዳጇን ልታይ የመጣች ሴት ከደጁ ትቆማለች። እንዲህ ያለው እንቅፋት ድንገተኛ መገናኘትን አይቀበልም፤ መልእክተኛ፥ ቃልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ደራሲው ሽማግሌዎቹን የመተው ነጻነት አለው፤ ነገር ግን በቦታቸው ምን እንደ ተተካ ማሳየት ይገባዋል። ይህ ከጐደለ የተገናኙት ሰዎች ታርቀዋል ለማለት አይቻልም፤ ኩርፊያው ተረሳ እንጂ አልተፈታም።