ሁሉን የሚያሳይ ካርታ ለማን ይጠቅማል?

ካርታ ማለት ምድርን እንዳለች መገልበጥ ሳይሆን፣ ለአንድ ጉዳይ የሚያስፈልገውን መርጦ ማሳየት መሆኑን ለተማሪዎቻችን ዘወትር እንነግራቸዋለን። ይሁንና ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የምንገልጠው ካርታ ይህን ትምህርታችንን ሲያፈርስብን እናያለን። እዚህ የምንመለከተው በ2004 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተጀመረውንና ማንኛውም ሰው መረጃ ሊጨምርበት የሚችለውን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን የጋራ ካርታ ነው።

በቅድሚያ ውለታውን እንናገር። በናይሮቢ የሚገኘው ኪቤራ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር ሆኖ ሳለ፣ እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በካርታው ላይ ባዶ ቦታ ነበር ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ወጣቶች በየመተላለፊያው እየዞሩ የውሃ ቦኖውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱንና መጸዳጃ ቤቱን መዘገቡ። ሳይታይ የኖረው ሕዝብ ታየ።

ጉድለቱ የሚገኘው በመዝገቡ ሳይሆን በገጹ ነው። ከሠልጣኞቻችን ጋር ተቋማችን ያለበትን ከተማ ገልጠን፣ «ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ፈልጉ» ብለናቸው ነበር። ዓይናቸው በባንኩ፣ በሆቴሉ፣ በፀጉር ቤቱና በመኪና ማቆሚያው ምልክት መካከል ሲንከራተት ብዙ ደቂቃ አለፈ። ጤና ጣቢያው ካርታው ላይ ነበረ፤ የሰወረው የጎረቤቶቹ ብዛት ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የካርታው መደበኛ ገጽ ለሁለት ጌታ ያገለግላል፤ ይኸውም በአንድ በኩል ለአንባቢ ቦታ ያመለክታል፤ በሌላ በኩል መረጃ የጨመረው ሰው ሥራው በትክክል መግባቱን እንዲያረጋግጥ ይረዳዋል። መዝጋቢው የመዘገበው ሁሉ እንዲታይለት ይሻል፤ አንባቢው ግን የፈለገው ብቻ እንዲታየው ይሻል። እርግጥ ነው፣ ካርታው ከሩቅ ሲታይ ሱቆቹ ይሰወራሉ፤ ሲቀርብ ይመለሳሉ። ዳሩ ግን ይህ ምርጫ የሚከተለው የርቀትን መጠን እንጂ የአንባቢውን ጥያቄ አይደለም።

«እንግዲያው ትርፍ የሆነው ይሰረዝ» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለአንዱ ትርፍ የመሰለው ለሌላው የዕለት ኑሮው ነው፤ የኪቤራውን የጋራ መጸዳጃ ቤት ማን ደፍሮ ትርፍ ይለዋል? በ1933 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ የነደፈው ሃሪ ቤክ መስመሮቹን አቃንቶ፣ በላይ ያሉትን መንገዶች በወረቀቱ ላይ ሳያሳይ ተወ፤ ከከተማው ግን አንድም መንገድ አልፈረሰም። የጋራው ካርታም ከአንዱ መዝገብ ለብስክሌት ነጂ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተጠቃሚና ለርዳታ ሠራተኛ የተለያየ ገጽ ያቀርባል። መንገዱ ይህ ነው፤ ችግሩ አብዛኛው አንባቢ የሚያየው ሲከፍተው የሚመጣለትን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው።

ስለሆነም መምህራን ይህን ጉድለት ወደ ትምህርት እንዲለውጡት እናሳስባለን። ተማሪው ካርታውን ከመግለጡ በፊት ጥያቄውን ይጻፍ፤ ከዚያም ለጥያቄው የሚያስፈልጉትን ምልክቶች ብቻ፣ ከአሥር ሳያስበልጥ፣ ከነመፍቻቸው ወደ ወረቀት ይገልብጥ። የተዋቸውንም ለምን እንደተዋቸው ያስረዳ። መጨመርን ማንም ይችላል፤ መተውን ግን መማር ያስፈልጋል።