ጥርጣሬው የማን ነው? «ኢቭል» ከ«ኤክስ ፋይልስ» ጋር ሲነጻጸር

ሮበርትና ሚሼል ኪንግ የተባሉት ባልና ሚስት የፈጠሩት «ኢቭል» የተሰኘ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በ2019 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሲቢኤስ መታየት ሲጀምር፣ ክሪስ ካርተር ፈጥሮት ከ1993 እስከ 2002 በፎክስ ቴሌቪዥን ከታየው «ኤክስ ፋይልስ» ጋር መነጻጸሩ የማይቀር ነበር። በቀድሞው ድራማ አማኙ መልደርና ሐኪሟ ስካሊ በፌዴራል ምርመራ ቢሮ ስም እንግዳ ክስተቶችን ይመረምራሉ፤ በአዲሱ ደግሞ ለቅስና የሚማረው ዴቪድ፣ የወንጀል ጉዳዮች የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ክሪስተንና የቴክኒክ ባለሙያው ቤን ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ይህ በቀላሉ የሚታይ መመሳሰል ግን ከንጽጽሩ ሁሉ ጥቂቱን ብቻ የሚያስረዳ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሊቁ ዝቬታን ቶዶሮቭ በ1970 ባሳተመው ጥናት «ፋንታስቲክ» ያለው ዘርፍ የሚቆመው አንባቢው አንድን ክስተት በተፈጥሮ ሕግ ይፍታው ወይስ ከተፈጥሮ በላይ ነው ብሎ ይቀበለው እያለ በሚያመነታበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አንዱን የመረጠ ዕለት ዘርፉን ለቆ ወደ ሌላ ይሻገራል። በዚህ መለኪያ «ኤክስ ፋይልስ» ብዙውን ጊዜ የሚያመነታ ድራማ አይደለም፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከመክፈቻው ጀምሮ ፍጡሩን ወይም የጥቃቱን ምልክት ለተመልካቹ ስለሚያሳይ፣ የስካሊ ሳይንሳዊ ክርክር ምንም ያህል ቢጠነክር አስቀድሞ የተሸነፈ ነው። ከዚህ ወጣ የሚለው «ሪቨሌሽንስ» የተሰኘው የ1995 ክፍል ሲሆን፣ በዚያ የክርስቶስ ቁስል በአካሉ ላይ የሚታይበትን ልጅ የምታምነው ካቶሊካዊቷ ስካሊ፣ የሚጠራጠረውም መልደር ነው። ካርተር አልፎ አልፎ የሞከረውን ይህን መገለባበጥ የኪንግ ጥንዶች የድራማቸው መሠረት አድርገውታል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ክፍል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በአጋንንት ተይዣለሁ የሚለው ነፍሰ ገዳይ የክሪስተንን የሌሊት ቅዠት በዝርዝር ሲነግራት ምሥጢሩ ከሰው ዕውቀት በላይ ይመስላል፣ ኋላ ግን የሕክምና ማስታወሻዋ ከሐኪሟ ቢሮ መሰረቁ ይታወቃል። ማብራሪያው ተገኘ፣ ነገር ግን ክፋቱ አልተነሣም፤ ወረቀት ሰርቆ የሴትን ፍርሃት መሣሪያ ያደረገው ሰው ከጋኔን የሚያንስበትን ምክንያት ተመልካቹ ራሱ እንዲፈልግ ይተዋል። (በጠበል ቦታ የአጋንንትን ልፍለፋ በአደባባይ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ የሥነ ልቦና ባለሙያ መቅጠሯ በራሱ እንግዳ ነገር ነው።) የክፋት አድራሻም እንዲሁ ተለውጧል፤ ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ የሰፈነው አለመተማመን ያረፈበት «ኤክስ ፋይልስ» ክፋትን በመንግሥት ምሥጢራዊ ቢሮዎች ሲፈልግ፣ «ኢቭል» በመካንነት ሕክምና ክሊኒክና በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ያገኘዋል።

ይሁንና አዲሱ ድራማ የያዘውን ጥንካሬ እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። በ2021 ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ወደ ፓራማውንት ፕላስ ከተዛወረ በኋላ አጋንንቱ እየበዙና ለሳቅ እየቀረቡ በመሄዳቸው ማመንታቱ ሳስቷል፤ የዝምታ ሕግ ባለበት ገዳም ውስጥ ያለ ንግግር ለማለት በሚቻል ሁኔታ የተተረከው ክፍል ግን በዚያው ምዕራፍ የተሠራ ታላቅ ሥራ መሆኑ ሊካድ አይገባም። «ኤክስ ፋይልስ» በበኩሉ የባዕድ ፍጡራኑን ሴራ ለዓመታት ሲያጠላልፍ ቆይቶ ራሱም መፍታት ያቃተው ሲሆን፣ በ2016 እና በ2018 የተደረገው መመለስም ቋጠሮውን አላላላውም። ስለዚህ በአስፈሪ ፍጡር ፈጠራና በትርኢቱ ስፋት ቀዳሚው እስከ ዛሬ አልተደፈረም፤ ጥርጣሬን ከገጸ ባሕርያቱ አንሥቶ በተመልካቹ ላይ በመጫን ረገድ ግን የ«ኢቭል» የመጀመሪያ ምዕራፍ ይበልጠዋል።