ሰውን በጠባዩ ስለ መክፈል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ ቡና ከሚጠጡ ሰዎች ጋር ብትቀመጥ፣ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ የጎረቤቱ ሁሉ ጠባይ ተከፋፍሎ ያልቃል። «እገሌ እሳት ነው፤ እገሊት ውኃ ናት፤ ያኛውማ ነፋስ ነው፣ የዛሬ ቃሉን ነገ አያውቀውም» ይባላል። ሰው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት መፈጠሩ በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ትምህርት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ አራቱም በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አሉ ይላል እንጂ፣ አንዱን ለአንዱ ሰው ሌላውን ለሌላው አያድልም። ቁንጽሉን ወስደን ጎረቤታችንን የምንሰድብበት እኛው ነን።

ዐውደ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ከዚህ ይልቅ ደፋር ነው። የሰውየውንና የእናቱን ስም በቍጥር ለውጦ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ በቀረውም ቍጥር ሐመል ወይም ሰውር ወይም አሰድ ብሎ ኮከቡን ይሰጠዋል። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው በቤቱ ሌላ፣ በትምህርት ቤት ሌላ ስም አለው። እንግዲህ ጠባዩ ስንት ሊሆን ነው?

የዛሬ ወጣቶች በዚህ ይሥቃሉ፤ ዳሩ ግን እነርሱም በስልካቸው ጥያቄ እየመለሱ ከ16 ዐይነት ጠባይ በአንዱ ይመደባሉ። ይህን አከፋፈል ያበጁት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ መሠረታቸውም የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ገና ቢጠየቅ ከሌላ ክፍል ይገኛል። ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህርም እንደዚያው አቈጣጠር በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ነገር ገልጧል። ይኸውም 39 ተማሪዎችን ፈትኖ፣ የየራሳቸውን ጠባይ የጻፈላቸው አስመስሎ ለሁሉም አንድ ዐይነት ወረቀት ሰጣቸው፤ ቃሉን የለቀመው ግን ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ትክክለኛነቱን ከ5 እንዲመዝኑ ሲጠይቃቸው አማካዩ ከ4 በላይ ሆነ።

ጠባይን መመልከት ነውር ነው አልልም። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሰው ሲልኩ ቍጡውን ትተው ታጋሹን ይመርጣሉ፤ ደግም ያደርጋሉ። እነርሱ ግን ያን ሰው ለብዙ ዓመት አይተውታል።

እኔም ራሴ ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። በሂርና አቅራቢያ ሳስተምር በመዝገቤ ጠርዝ ላይ በየተማሪው ስም አንጻር «እ፣ ነ፣ ው፣ መ» የሚሉ ፊደላት እጽፍ ነበር። አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ እያንቀላፋ፣ ሲጠየቅም ቀስ ብሎ ስለሚመልስ «ው» አልሁት፤ ሁለት ዓመት ያህልም ከባድ ጥያቄ አላቀረብሁለትም። አንድ ቀን ለለቅሶ ወደ ቀበሌው ገና ሳይነጋ ብሄድ፣ ሌሊቱን ሲቈርጥ ያደረውን ጫት ተሸክሞ ከመንገድ ዳር አገኘሁት። ከነጋዴው ጋር በኦሮምኛም በሶማልኛም ይከራከራል፤ የእስሩን ዋጋ እኔ አስቤ ሳልጨርስ እርሱ ደምሮ ጨረሰ። ዘወር ሲል አየኝና ዝም አለ፤ ያን የክፍል ውስጥ ፊቱንም መልሶ ለበሰው።

በማግሥቱ ፊደሏን በላጲስ ፋቅሁ። ልጁ ግን ከፋሲካ በዓል በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።