«እስማማለሁ» ያለው ማን ነው?



በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ በሆነው በዋሂል፣ አንድ ዘመድ ቤት ሰንብቼ ነበር። በቤቱ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ ተጠቃሚው ግን ሰባት ሰው ነው። አባት በጠዋት ከተማ ደውሎ የገበያውን ዋጋ ይጠይቅበታል፤ እናት ጅቡቲ ካለች እህቷ ጋር ትነጋገርበታለች፤ ልጆቹ ፎቶ ያነሱበታል፣ ይጫወቱበታል፤ ማታ ደግሞ ቁርኣን ይደመጥበታል። ስልኩ የማን ነው ብትሉ፣ የቤቱ ነው።

በዚያ ሰሞን ስልኩ ካርድ ይበላ ጀመር። ማታ ሃምሳ ብር ይሞላል፤ ሲነጋ ባዶ ነው። ማን ደወለ? ማንም። ጥርጣሬው በአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ላይ ወደቀ፤ ከሁሉም ይልቅ ስልኩን የሚነካካው እሱ ነውና። «ወላሂ አልነካሁትም» አለ፤ አልታመነም። ለሦስት ቀናት ያህል በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ታየ። አልደብቃችሁም፣ ከጠርጣሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

የዚያን ስልክ ስምና ዓይነት እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ይህን የሚመስል ነገር ግን ከአሁን በፊት በሀገራችን ላይ ደርሶ በይፋ ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባል ርካሽ ስልክ ላይ ያገኘውን ለሕዝብ አወጣ። ስልኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ጀምሮ ትሪያዳ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በውስጡ ተቀምጦ ኖሯል። ትሪያዳ በተራው ኤክስሄልፐር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይጠራል። ይኸኛው ደግሞ ገንዘብ የሚያስከፍሉ አገልግሎቶች ላይ ባለስልኩን ሳያውቅ ያስመዘግበዋል፤ ሂሳቡም ከካርዱ ይቆረጣል። ስልኩን ጠርጎ እንደ አዲስ ማስጀመር እንኳ አይነቅለውም። ግብይቱ በብዛት ታየባቸው ከተባሉት አምስት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ሌሎቹ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እነዚህንና ሌሎች ሀገሮችን ጨምሮ፣ ከማርች 2019 ወዲህ ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት ተመዝግቧል። የስልኩ አምራች ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ፣ ስሙን ያልጠቀሰው፣ የአንድ አቅራቢ ነው አለ፤ ከነገሩ እንዳላተረፈና ማስተካከያም እንዳወጣ ተናገረ።

አጠራጣሪው ግብይት ተቆጠረ። ለመሆኑ ስንት ልጅ «ውሸታም» ተብሎ ተገሠጸ? ስንት ባል ሚስቱን «ለማን ደወልሽ?» ብሎ ጠየቀ? ይህን የቆጠረ የለም።

«ይህማ የሌባ ሥራ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ከስልኩ ጋር የሚመጣው ሌላ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይለያያሉ። ዳሩ ግን ዋሂል ያለው ቤተሰብ በምን ይለያቸው? ሁለቱም የሚኖሩት ስልኩን ከውስጥ ሆኖ በሚያሠራው ክፍል፣ ባለሙያዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሉት ውስጥ ነው። ሁለቱም ሳይታዩ ይሠራሉ፤ ሁለቱንም «ውጡ» ብሎ ማስወጣት ያቅታል። ሰው ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣን ነገር ሲጠራጠር «አላዋቂ» የሚሉ የከተማ ጎበዞች አሉ። እኔ ግን ጥርጣሬው የዕውቀት መጀመሪያ ይመስለኛል፤ ሕጋዊዎቹም ቢሆኑ አሳምረው አስጠርጥረዋልና።

እስቲ ሎኬሽንን፣ ማለትም ስልኩ ያለንበትን ቦታ የሚያውቅበትን ነገር፣ ተመልከቱ። ጉግል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከ40 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር በ391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት ተገዷል። ክሱ ምን ነበር? የቦታ ታሪክ የሚመዘግበውን ቁልፍ ያጠፋ ሰው «አጠፋሁ» ብሎ ሲያምን፣ ሌላ ስም በተሰጠው ሁለተኛ ቁልፍ በኩል ቦታው መመዝገቡን ይቀጥል ነበር የሚል ነው። በሩን ቆልፈህ ስትተኛ መስኮቱ ክፍት መሆኑን ያልነገረህን ዘበኛ ምን ትለዋለህ?

ልጆቻችን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚያገኙት ኮምፒዩተርም ከዚህ አላመለጠም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሪኮል የተባለ ነገር አስተዋወቀ፤ በየጥቂት ሴኮንዱ የኮምፒዩተሩን ገጽ ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጥ፣ «ያን ጊዜ ምን አይቼ ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁት የሚያስታውስ። የደኅንነት ባለሙያዎች ሲመረምሩት፣ የተከማቸው ነገር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለገባ ሰው በቀላሉ የሚነበብ ሆኖ ተገኘ። ጩኸት ሆነ፤ ኩባንያውም ጁን ላይ አዘገየው። ከዚያም ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው በቀር እንዳይሠራ አድርጎ፣ በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ፣ በኤፕሪል 2025 መልሶ አወጣው። ልብ በሉ! «ካላበራችሁት አይሠራም» የሚለው ትንሽ አደብ የመጣው ሰው ከጮኸ በኋላ ነው።

ለእኛ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሶላት ሰዓት የሚያሳውቀው አፕ ጉዳይ ነው። ሙስሊም ፕሮ የተባለው፣ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሙስሊም የጫነው አፕ፣ የተጠቃሚዎቹን ቦታ ኤክስ ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ሲያቀብል እንደነበር፣ ከነጋዴው ገዢዎችም መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች እንዳሉበት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ተጋለጠ። አፕ ሠሪው ወዲያው ግንኙነቱን አቋረጥኩ አለ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ያንን ነጋዴ የአምልኮ ቦታንና መሰል ጥብቅ የቦታ መረጃን እንዳይሸጥ ከልክሎታል። ሰውየው ለሶላት ሲል የከፈተው በር ነው ለገበያ የዋለው።

በነገራችን ላይ ከድሬዳዋ አካባቢ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። የዋሂል ሽማግሌዎች ይህን ከሳተላይት አልተማሩትም። የሶላት ሰዓትም ቢሆን በብዙዎቹ አፖች ላይ «ድሬዳዋ» ብሎ ከተማውን በእጅ መርጦ፣ ሎኬሽኑን አጥፍቶ ማግኘት ይቻላል። መሣሪያው ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ጥቅሙ ያን ሁሉ ዋጋ አይጠይቅም ነው የምለው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እነዚህ ሁሉ «አስፈቅደናል» ይላሉ። የትኛው ፈቃድ? በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ተከልክሏል፤ የገዛ ቤታችን ሕፃናት እንኳ በሦስት ወቅቶች እንዲያስፈቅዱ ታዟል። ፈቃድ ማለት የተጠየቀው ሰው ጥያቄውን ሰምቶ «ግባ» ወይም «ተመለስ» ማለት ሲችል ነው። በዚያ ቤት ስልክ ላይ የወጣው ገጽ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንብበው የማይጨርሱት ነበር፤ «እስማማለሁ» ካልተባለ ደግሞ ስልኩ ወደፊት አይሄድም። ታዲያ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነው ማን ነው? ጠየቅኋቸው። አባትም፣ እናትም፣ ልጁም አይደሉም። ስልኩን የሸጠላቸው የሱቅ ልጅ ነው! የኢሜይል አካውንቱንም የከፈተላቸው እሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ይህ በተንኮል አልተደረገም፤ ልጁ ያገለገላቸው መስሎት ነው። ውጤቱን ግን አስቡት። ስልኩ ፎቶ ሲነሳበት ራሱ ወደ አካውንቱ እንዲልክ ተደርጎ ነበር። በቅርቡ በዘመድ ሠርግ፣ ሴቶቹ ለብቻቸው ባሉበት ክፍል፣ ልጃገረዶቹ ተገላልጠው የተነሷቸው ፎቶዎች ነበሩ። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ከፈለገ ከተማ ቁጭ ብሎ ሊያያቸው ይችል ነበር። «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። መጋረጃ የሚሰቀለው ወንጀል ለመሸፈን አይደለም። ደግሞም ስልክ ሠሪዎቹ አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብለው ይነሳሉ፤ አንዱ ሲስማማ ሰባቱ እንደተስማሙ ይቆጠራል።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በጎ ጅምር ነው። እኔ ግን ከባለሥልጣኑ የምጠብቀው ቀላል ነገር አለ፤ በሀገራችን የሚሸጥ ስልክ ምን እንደሚያይና ለማን እንደሚልክ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ በግማሽ ገጽ ተጽፎ ከካርቶኑ ውስጥ ይውጣ። ለሱቅ ነጋዴ ወንድሞቻችንም፣ አካውንቱን ገዢው ፊት ከፍታችሁ የይለፍ ቃሉን ገዢው ራሱ ይጻፈው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመመለሴ በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጠን ስልኩን መረመርነው። ማንም ያልጠየቃቸው ሁለት አገልግሎቶች ላይ ተመዝግቦ ተገኘ፤ ሰረዝናቸው። የእጅ ባትሪ የሚያበራው አፕ ሳይቀር ሎኬሽን ተፈቅዶለት ነበር፤ ነፈግነው። ልጁም «አጥፋ ያልነው መጥፋቱን በምን እናውቃለን?» ሲል ጠየቀኝ። የ2022ቱን የጉግል ነገር አጫወትኩት። አባቱ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ ልጁን «አውፍ በለኝ» አለው። በማግሥቱ ተያይዘው ከተማ ወረዱ፤ ሱቁ ሄደው የይለፍ ቃሉን ለወጡ። የሠርጉን ፎቶዎች ከአካውንቱ አጠፉ።

እናትየዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሠርግ ስትሄድ ስልኩን ቤት ትታ ነው የምትወጣው።