የቁንዶ በርበሬና የእርድ «ሃያ እጥፍ»

«እርድን ከቁንዶ በርበሬ ጋር የወሰደ ጥቅሙን ሃያ እጥፍ ያገኛል» ይባላል። የአባባሉ ምንጭ በባንጋሎር ከተማ፣ በሕንድ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 «ፕላንታ ሜዲካ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ጤናማ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲወስዱ፣ ወደ ደም የገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይኸውም አንጀትና ጉበት ኩርኩሚንን ለውጠው የሚያስወግዱበትን ሥራ ፒፐሪን ስለሚገታ ነው።

የምንነቅፈው ግኝቱን ሳይሆን አተረጓጐሙን ነው። ኩርኩሚን ብቻውን ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነውና፣ የጥቂት ሃያ እጥፍ ያው ጥቂት ነው። ደግሞም እርድ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ያህል ስለ ሆነ፣ 2 ግራም ለማግኘት ከ60 ግራም በላይ እርድ ያሻል፤ ይህን የሚችል አልጫ የለም። ለ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ግን ግማሽ ግራም ቁንዶ በርበሬ ይበቃል።

እንግዲህ ጥቅሙ ሩቅ፣ ጥንቃቄው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ቁንዶ በርበሬ የገባበት ሾርባ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን የፌኒቶይንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎታል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በዓሣ ሾርባው ላይ ቁንዶ በርበሬ ለሚነሰንስ ጤነኛ ነገሩ ጣዕም ነው፤ ፌኒቶይን ለሚወስድ ሕመምተኛ ግን ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባ ጉዳይ ነው።